ካርታው በሐጂ ስም ነበር

ሐጂ ሙዘይን ማረፋቸውን የሰማሁት ወልቂጤ፣ ልጄ ቤት ሆኜ ነው። ዓይንህን ለሐኪም ላሳይልህ ብላ ወስዳኝ ነበር። የደወለልኝ የሐጂ ታላቅ ልጅ ሸምሱ ነው። "ጋሽ ወልዴ፣ አባታችን..." አለና ስልኩን ዘጋው። እኔም መኪና ተሳፈርኩ። ቡታጅራ ስደርስ ቀብሩ አልቋል፤ በእነሱ ደንብ ሬሳ አያድርም። ለቅሶ ቤት ገብቼ ከወንዶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እዚያ ተቀምጬ የሰማሁት ነገር ነው። በቀኜ ያለው ሰው፣ "እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከእንግዲህ አይመጣም" ይላል። በግራዬ ያለው ደግሞ ቀስ ብሎ ለጓደኛው፣ "ደግ አትበለው፣ የዋህ ነበር። በገዛ ቤቱ የተጫወቱበት ሰው ነው" ይላል። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ይህን ሰሙና፣ "ሁለታችሁም አታውቁትም። ግትር ነበር። አላህ ይዘንለትና፣ እንደሱ ያለ ግትር በዚህ አገር አልተፈጠረም" አሉ።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሐጂ ለአንድ አስተማሪ ስለሸጡት ቤት። ኋላ ወደ እኔ ዞሩና፣ "አንተ አይደለህ እንዴ ምስክሩ? የቱ ነው እውነቱ?" አሉኝ። ሐጂን አርባ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ምስክርም ነበርኩ። ግን እግዜር ያውቃል፣ እኔም አልለየልኝም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ግንበኛ ነኝ። ድንጋይ ከድንጋይ ማስማማት እችላለሁ፤ የሰውን ልብ መፍታት ግን ማንም አላስተማረኝም። እንደው የሆነውን እንደሆነ ላስቀምጠው።

ሐጂ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ትንሽ ወደፊት የወጣ፣ ከሩቅ ሲመጡ አንድ ነገር ሊያሸቱ የተዘጋጁ የሚመስሉ። በርበሬ ተራ ያለች ሱቃቸው ውስጥ ሌላው ሰው ሁሉ ሲያነጥስ እሳቸው አያነጥሱም። ገበሬ ጆንያ ይዞ ሲመጣ አንዲት ፍሬ መርጠው ይሰብራሉ፤ ዘሯን ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያኖሩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። "ይኼ የማረቆ ነው" ይላሉ። ወይም፣ "ይኼ የመስቃን ነው፤ ዝናብ ነክቶት ሳይደርቅ ነው ያሰርከው፣ አትዋሽ።" ገበሬውም ይስቃል፣ አይዋሽም።

አንድ አባባል ነበራቸው። "በርበሬ የነካ እጅ ዓይን አይነካም" ይሉ ነበር። በራስህ ጉዳይ ራስህ አትፍረድ ማለታቸው ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የተረዳሁት። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከባድ ነገር ሲጠየቁ የቀኝ እግራቸውን ጫማ ያወልቃሉ። ጠጠር የገባበት ይመስል ገልብጠው መታ መታ ያደርጉታል። ምንም አይወጣም። መልሰው ያጠልቁትና መልሳቸውን ያኔ ይሰጣሉ። የገበያ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐጂ ጫማ ካወለቁ፣ ዋጋ አትጨምር፣ ዝም ብለህ ጠብቅ ይባላል።

ቤቱ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ በፊት ያከራዩት የነበረ ቤት ነው። ተከራዩ መምህር አስናቀ ይባላል። ከጎጃም በኩል መጥቶ እዚህ የቀረ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ወለል ወለል የሚያይ ሰው ነው። ሚስቱ ጽጌ ልብስ ትሰፋለች። ሦስት ልጆች አሏቸው። ሐጂ ቤቱን ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ አስተማሪው ሱቅ ድረስ መጣ። እኔ እዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ሐጂ፣ ቤቱ ሊሸጥ ነው አሉ። እኛ እንግዲህ የት እንግባ?"

"የት ትገባላችሁ! እዚያው ነዋ። ግዛው።"

"በምን? ባንክ ሄጄ ነበር። ደመወዜን አይተው 'ይቅናዎት' ብለው ሸኙኝ።"

"በደመወዝህ ግዛው። መጀመሪያ ያለህን ትሰጠኛለህ፤ የቀረውን በየወሩ ጥቂት ጥቂት። ዓመታት ይፍጅ፤ ምን ቸገረኝ።"

"ወለዱስ ስንት ነው?"

ሐጂ ተቆጡ። "አስተግፊሩላህ! ባንክ መሰልኩህ? ወለድ ሪባ ነው፣ ሐራም ነው። ዋጋው አንድ ነው። ዛሬ ብትጨርስም ያው፣ ስትሸመግል ብትጨርስም ያው።"

አስተማሪው እዚያው ቆሞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ልቤ ተነካ። እንግዲህ በቀኜ የነበረው ሰው ደግ ያለው ይህን ይሆናል።

ውሉን ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ጻፈልን። እኔና ሌሎች ሁለት ሰዎች ምስክር ሆነን ፈረምን። ሁለቱ ዛሬ የሉም። ጸሐፊው ሲጨርስ፣ "ይህን ወስዳችሁ ውልና ማስረጃ አስመዝግቡት። እንዲሁ ከቀረ ሦስተኛ ወገን ሲመጣ ወረቀት ብቻ ነው" አለ። ሐጂ፣ "ሦስተኛ ወገን ማነው? እኛ ሁለታችን ነን" አሉት።

ቀጥለው የተናገሩትን አልረሳውም። "ስማ ልጄ፣ በሬ ስትሸጥ ገመዱን መቼ ነው የምትለቀው? ብሩን ጨርሰህ ስትቀበል ነው። ካርታው ገመዱ ነው። ስሙም እኔ ጋ ይቆይ፣ ካርታውም እኔ ጋ ይቆይ። አስተማሪው ሲጨርስ ገመዱን እሰጠዋለሁ።"

እኛ ሁላችን ራሳችንን ነቀነቅን። ትልቅ ብልሃት መሰለን። ምን ይደረግ፣ ሁላችንም በሬ ሸጠን እናውቃለን፤ ቤት በዱቤ ሸጦ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ወር በገባ ቁጥር አስተማሪው ሱቅ ይመጣል። የሚሰጠውን ይሰጣል፤ ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ሐጂ ደብተሩን አይተውት አያውቁም። "አንተ ጻፍ፣ አስተማሪ አይደለህ?" ይሉታል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

አሁን ወደ ግንቡ ልምጣ። የቤቱን አጥር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱ የሐጂ በነበረ ጊዜ። የድንጋይ ግንብ ነው፤ ደረት የሚደርስ፣ በጭቃ የተያያዘ፣ ከውጭ ሲሚንቶ የተቀባ። ለዚያ ከፍታ ጥሩ ግንብ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አስተማሪው ሌባ በዛ ብሎ ከላዩ ብሎኬት አስደረደረበት። እኔን አልጠራኝም፤ ሌሎች ናቸው የሠሩት። በዚያ ሳልፍ አይቼ ቆምኩ።

"አስተማሪ፣ ይኼ መሠረት የተጣለው ለዚህ ከፍታ አይደለም" አልኩት።

"ብረት አስገብቼበታለሁ ጋሽ ወልዴ፣ አያስቡ።"

ብረቱ ከብሎኬቱ አልፎ ወደ ድንጋዩ አልወረደም። አይቻለሁ። ያኔ ሄጄ ለሐጂ መንገር ነበረብኝ። ቤቱ የተሸጠ ነው፣ እሳቸውን ምን አገባቸው ብዬ ተውኩት። እንግዲህ ጥፋቱ ሲቆጠር የኔም ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ማንም አልከሰሰኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

የክረምት መግቢያ ነው። የገበያ ቀን ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ አባራ። ቆጮ የሚሸጡ ሴቶች ነፋሱን ሽሽት ግንቡን ተጠግተው ተቀምጠዋል። እኔ ሐጂ ሱቅ ነበርኩ። መሬት የተመታ ዓይነት ድምፅ ሰማን፤ ቀጥሎ ጩኸት። ግንቡ ወደ መንገዱ ነበር የወደቀው። ሌሎቹ አመለጡ። እትዬ ረዲያ የሚባሉ ከመስቃን ገጠር የሚመጡ ሴት ግን እግራቸው ከሥሩ ቀረ።

ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ሮጡ። ብሎኬት ሲያነሱ አየኋቸው። ሴትዮዋን በባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ስንሄድ እግሯን በጭናቸው ላይ የያዙላት ሐጂ ናቸው። "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ" ይላሉ። እትዬ ረዲያ ደግሞ በዚያ ስቃይ ውስጥ፣ "ቆጮዬን ሰው እንዳይረግጠው" ይሉ ነበር።

ስንመለስ ፖሊስ ቆሞ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አስተማሪውም ከትምህርት ቤት መጥቶ ደርሷል። ፖሊሱ፣ "የዚህ ቤት ባለቤት ማነው?" አለ።

አስተማሪው ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ ነበር። "ካርታው በሐጂ ሙዘይን ስም ነው" አለ። "እኔ ገና ባለቤት አልሆንኩም።"

ጽጌ ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አስናቀ!" አለች። "ብሎኬቱን ማን አሠራው? ሐጂ ናቸው?"

ሐጂ አጠገቤ ናቸው፣ ሰምተዋል። ቆባቸውን አድርገው፣ "ልክ ነው፣ በኔ ስም ነው" ብለው ለፖሊሱ ስማቸውን አስመዘገቡ። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበር ቢጠይቁኝ አላውቅም። አቧራ ነበር።

መጀመሪያ ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። የተሰበሰብነው በርበሬ ወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ወፍጮው ቢቆምም ብናኙ አልቆመም። ካሣ የሚያህል ከባድ ነገር ሲነሳ አንዱ ያነጥሳል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ሽማግሌዎቹ ለሦስት እናካፍለው አሉ፤ ለሐጂ፣ ለአስተማሪውና የድንጋዩን ግንብ ለሠራሁት ለኔ። እኔ እሺ አልኩ። አስተማሪው ወለሉን እያየ ዝም አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂን፣ "በሬው ሰው ሲወጋ የሚጠየቀው ገመዱን የያዘው ነው። አንተው ነህ የነገርከን" አላቸው።

"እውነት ነው" አሉ ሐጂ። "ገመዱን እኔው ፈትዬ እኔው ታነቅኩበት።"

ሰው ሳቀ። የእትዬ ረዲያ ልጅ ነስሩ ግን አልሳቀም። ክፉ ልጅ አይደለም። ተነሥቶ፣ "አባቶቼ፣ አክብሬያችኋለሁ። እናቴ ከእንግዲህ ሸክም ተሸክማ ገበያ አትመጣም። እናንተ ለሦስት ስታካፍሉ አንዱ ዝም ይላል፣ አንዱ ድሀ ነው፣ አንዱ ይቀልዳል። እኔ ሕግ ይፍረድልኝ" አለና ወጣ።

ሕግ ፈረደ። እዚሁ ቡታጅራ የተፈረደው በሐጂ ላይ ነው። በቤት ምክንያት ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤት የሚባለው ደግሞ መዝገብ ላይ ያለው ነው ተባለ። የራፖር ጸሐፊው ወረቀት አልተመዘገበምና እትዬ ረዲያን አይመለከታቸውም አሉ። የሐጂ ልጆች ተቆጥተው ጠበቃ ቀጠሩ፤ ይግባኝ ተባለ። ያኔ ዞኑ ገና ለሁለት አልተከፈለም፤ ይግባኝ የሚሰማው ወልቂጤ ነበር።

መንገዱ ረጅም ነው። መኪና እየቀያየርን በአረቅጥ በኩል ሄድን፤ ሐጂ፣ እኔ፣ እንዲሁም በምስክርነት የተጠራው አስተማሪ። በአንድ ሚኒባስ። አረቅጥ ለምሳ ወረድን፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አስተማሪው ራቅ ብሎ ብቻውን ተቀመጠ። ሐጂ አዩትና ሰው እስኪዞር ድረስ ጮኹ።

"አስተማሪ! ና እዚህ ብላ! ተከሳሽና ምስክር አብሮ አይበላም የሚል ሕግ አለ እንዴ?"

መጣ። ሦስታችን ከአንድ ትሪ በላን። ሐጂ ሥጋውን ወደሱ በኩል ሲገፉት አይቻለሁ። እሱ ደግሞ መልሶ ወደሳቸው ይገፋዋል። በመጨረሻ እኔ በላሁት።

ወልቂጤ ጠበቃው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ውስጥ ጠበቀን። አስተማሪው ውጭ ቀረ። ጠበቃው ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው። "ሐጂ፣ መፍትሔ አለኝ" አለ። "ያ ውል ያልተመዘገበ ነው። ስለዚህ እንዳልተደረገ ይቆጠር ብለን እንከራከራለን። ሽያጭ የለም። አስተማሪው ተከራይ ነው፣ ይወጣል። ቤቱ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ሸጠው ካሣውን ይከፍላሉ፣ ትርፍም ይኖርዎታል። የከፈለውን ደግሞ ቀስ ብለው ይመልሱለታል።"

እኔ ደንግጬ ሐጂን አየሁ። አስተማሪው የካዳቸው ሰው ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ነው። ሐጂ ጎንበስ አሉ፤ ጫማቸውን አወለቁ። መታ መታ አደረጉት። ጠበቃው ወደ እኔ ዞሮ፣ "እግራቸውን ያማቸዋል?" አለኝ። "ጠብቅ" አልኩት።

ጫማውን አጠለቁ። "ልጆቹስ?" አሉ።

"የማን ልጆች?"

"የአስተማሪው።"

"እነሱ የክሱ አካል አይደሉም።"

"እሱን አልጠየቅኩህም" አሉና ሻያቸውን ጠጡ። እሺም እንቢም አላሉም።

ችሎት ገባን። ዳኛዋ ጎልማሳ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ብዙ ነገር ተባለ፤ ግማሹ አልገባኝም። ኋላ ዳኛዋ በቀጥታ ሐጂን፣ "አባት፣ በአጭሩ ይንገሩኝ። ቤቱ የማን ነው?" አሏቸው።

"ቤቱ የሱ ነው። ስሙ የኔ ነው" አሉ ሐጂ።

"አንዱን ይምረጡ።"

"ክብርት ዳኛ፣ ጥያቄው ማን ይከፈል ከሆነ፣ እኔ ነኝ የምከፍል። ማን ይኑርበት ከሆነ ግን፣ እሱ ነው የሚኖርበት።"

"ሕጉ እንዲህ አይከፋፍለውም አባት።"

"እኔ ሕጉን አላውቅም። የሸጥኩትን ግን አውቃለሁ።"

ጠበቃው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። አስተማሪው ምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን እንደደፋ ነበር፤ ቀና ሲል አላየሁትም። የቡታጅራው ፍርድ ጸና። ካሣው በሐጂ ላይ ሆነ፤ ቢፈልጉ አስተማሪውን በሌላ ክስ ይጠይቁት ተባለ። ውጭ ስንወጣ ጠበቃው፣ "ታዲያ እኔን ለምን ቀጠሩኝ?" ቢላቸው፣ "ልጆቼ ናቸው የቀጠሩህ፤ እነሱን ጠይቅ" አሉት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አላስቻለኝም። አስተማሪው ከፊት ተቀምጧል። ቀስ ብዬ፣ "ሐጂ፣ ክዶዎታል እኮ። አዝነውለት ነው?" አልኳቸው።

"ማዘን?" አሉ። "ወልዴ፣ ሆዴ እንዴት እንደሚነድ ብታውቅ! ብቻዬን ባገኘው ወላሂ በዱላ እለዋለሁ። ግን ሸጫለሁ። የሸጡትን አይቀሙም። ነጋዴ ነኝ እኮ።"

ደግነት ነው እንዳልል ሆዳቸው ይነዳል። ሞኝነት ነው እንዳልል ነገሩ ገብቷቸዋል። ግትርነት ነው እንዳልል በችሎቱ ፊት ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። እዚህ ላይ ነው የሚምታታብኝ።

ካሣውን የከፈሉት በርበሬ ተራ ያለችውን ሱቅ ሸጠው ነው። ልጆቻቸው ለወራት አኮረፏቸው። በዚያ ገንዘብ ነስሩ ለእናቱ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፈተላቸው፤ እትዬ ረዲያ በከዘራ ቢሆንም ይንቀሳቀሳሉ። ሐጂ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለሌላ ነጋዴ በርበሬ ይቀምሱ ጀመር። አስተማሪውን አልከሰሱትም። እሱም ወር በገባ ቁጥር ይመጣል፣ ይሰጣል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ሰላምታ እንኳን የላቸውም።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ሐጂ ቤቴ መጡ። "ተነሥ ወልዴ። ስሜን ከዚያ ቤት ላይ ላነሳ ነው" አሉኝ።

"ሳይጨርስ? ገመዱስ?"

"ገመዱ ይቅርብኝ! ግንቡ ወደቀ። ጣራ ገና አለ፣ በር አለ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። አንዱ ሰው በጎዳ ቁጥር እኔ ወልቂጤ ልመላለስ ነው?"

አስተማሪውንና ጽጌን አስጠርተው አራታችን ውልና ማስረጃ ቢሮ ሄድን። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ልጅ ወጣት ናት። ካርታውን አገላብጣ፣ "ዋጋው ተከፍሎ አልቋል?" አለች።

"አላለቀም" አሉ ሐጂ። "ግዴለም፣ ስሙን አዙሪለት።"

"ካላለቀ ታዲያ በመያዣ ይመዝገብልዎ አባባ።"

"ምንድነው እሱ?"

ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳች። ስሙ ወደ ገዢው ይዞራል። ቤቱ ግን እዳው እስኪያልቅ ለሻጩ ዋስትና ሆኖ ይመዘገባል። ሳይከፍል ሊሸጠው አይችልም። ግንብ ቢወድቅ፣ ሰው ቢጎዳ፣ የሚጠየቀው ባለስሙ ነው፤ ሻጩ ገንዘቡን ጠያቂ ብቻ ነው።

ሐጂ እስክትጨርስ ሰሟት። "ይኼ ነገር አዲስ የወጣ ነው?" አሉ።

"እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው አባባ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማህ ወልዴ?"

"ሰማሁ ሐጂ።"

"ሱቄ የሄደው ይቺ ፎርም ጠፍታ ነው?"

ሐጂ ሳቁ። ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው ወረደ። ልጅቷ ደንግጣ ውኃ ልታመጣ ተነሣች።

"ተይው፣ ተቀመጪ።" ፊታቸውን ጠረጉ።

"ታዲያ መያዣው ይመዝገብልዎ?"

"ይመዝገብ እንጂ! ሞኝ ነኝ እንዴ?"

"ቀሪው ስንት ነው?"

ሐጂ በአገጫቸው አስተማሪውን አሳዩ። እሱ ደብተሩን አወጣ። ገጹን ገልጦ ብዙ ጊዜ አየው፤ ከዚያ አንድ ቁጥር ተናገረ። ሐጂ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

"ምንድነው የምትለው? ይኼን ሁሉ ዓመት ስትከፍል ከርመህ ጨመረ? አስተማሪ ነህ ደግሞ!"

"ቀሪው አልጨመረም" አለ አስተማሪው። ያኔ ነው ቀና ብሎ ያያቸው። "የእትዬ ረዲያን ካሣ ደምሬበት ነው።"

ቢሮው ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

"አይሆንም" አሉ ሐጂ። "ከተዋዋልነው በላይ አንዲት ሳንቲም አልቀበልም። በስተርጅናዬ ወለድ በላ ልታሰኘኝ ነው?"

"ወለድ አይደለም ሐጂ። ግንብ ነው። ብሎኬቱን እኔ ነኝ ያስደረደርኩት። ጋሽ ወልዴ ነግረውኝ ነበር።"

"ፍርድ ቤት የፈረደው በኔ ላይ ነው!"

"ፍርድ ቤቱ ካርታውን አይቶ ነው። ግንቡን እኔ አውቀዋለሁ።"

ጽጌ እስካሁን ቦርሳዋን ጨብጣ ቆማ ነበር። "ይቀበሉት ሐጂ" አለች። "ከዚያ ቀን ወዲህ 'ቤታችን' የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹን እንኳን 'ወደዚያ ግቡ' ነው የሚላቸው።"

ሐጂ አስተማሪውን አዩት፤ ጽጌን አዩ፤ እኔን አዩ። እኔ ምን ልበል? እኔም በዚያ ግንብ ጥፋት ያለሁበት ሰው ነኝ። ልጅቷ፣ "አባባ፣ ወረፋ አለ" አለች።

"አንቺ ልጅ፣ ገንዘቡ ከምን እንደመጣ የምትጽፊበት ቦታ አለሽ?"

"የለም። 'ቀሪ ዋጋ' ብቻ ነው የሚለው።"

"እንግዲያው እንዳትቀላቅዪው። ቀሪ ዋጋውን ለብቻው ጻፊ። ከሥሩ ሌላ መሥመር አድርጊና 'የግንብ' ብለሽ ጻፊ።"

"እንደሱ ተጽፎ አያውቅም።"

"ዛሬ ይጻፋል። አላህ ሲያነበው ወለድ እንዳይመስለው።"

ልጅቷ አለቃዋን ቀና ብላ አየች። አለቃዋ ትከሻውን ነቀነቀ። ጻፈች። ሐጂ ፈረሙ፣ እኔ በምስክርነት ፈረምኩ። አስተማሪው ብዕሩን ሲይዝ ጽጌ ወረቀቱን ያዘችለት። ፈርሞ ሲጨርስ ቀና አለና፣ "ነይ፣ ቤታችን እንሂድ" አላት።

ተያይዘው ወጡ። ሐጂ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በመስኮቱ በዓይናቸው ተከተሏቸው። ሊያለቅሱ ነው ስል ተነሥተው ጮኹ፦

"አስተማሪ! ግንቡን እንደገና ስትሠራው ዝቅ አድርገው!"